ቀዳዳው የት ይበሳ? በእጅ ለሚሠራ ቴሌስኮፕ ስለ ፎከሰር ቦታና ስለ ባክ ፎከስ

ቴሌስኮፕ በገዛ እጁ የሚሠራ ሰው ልቡም ጉልበቱም ያለው መስታወቱ ላይ ነው። ብርጭቆውን ራሱ የሚሞርድና የሚወለውል ከሆነ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይፈጅበታል፤ የተዘጋጀ ከገዛም ከገንዘቡ አብዛኛው የሚሄደው ወደዚያው ነው። በቱቦው ጎን ላይ የሚበሳው ቀዳዳ በአንጻሩ የአንድ ከሰዓት ሥራ ስለሚመስል ብዙ አይታሰብበትም። ሆኖም ያለ ስሌት የተበሳ ቀዳዳ ምርጡን መስታወት ከንቱ ሊያስቀረው ይችላል። መስታወቱ ብርሃኑን በትክክል ሰብስቦ ሳለ፣ የተሰበሰበበት ቦታ የዓይን ሌንሱ ሊደርስበት ከማይችለው ስፍራ ይሆናልና።

በዚህ ትምህርት ቀዳዳው ከመበሳቱ በፊት መታወቅ ያለበትን በቅደም ተከተል እንመለከታለን። የምንሄድበት መንገድ ብዙ ጀማሪዎች ከሚሄዱበት በተቃራኒ ነው። ብዙዎች ከመስታወቱ ተነሥተው ወደ ላይ ይለካሉ፤ እኛ ግን ብርሃኑ እንዲያርፍ ከምንፈልግበት ቦታ ተነሥተን ወደ መስታወቱ እንመለሳለን። ምክንያቱ ደረጃ በደረጃ ግልጽ ይሆናል።

በቅድሚያ ቃላቱን እንለይ። የምንነጋገረው አይዛክ ኒውተን እ.ኤ.አ. በ1668 ስለ ሠራውና በስሙ ስለሚጠራው የቴሌስኮፕ ዓይነት ነው። በቱቦው ግርጌ ስርጉድ መስታወት ይቀመጣል፤ ይህን ዋናው መስታወት እንለዋለን። ከኮከብ የሚመጣ ብርሃን እጅግ ከሩቅ ስለሚመጣ ጨረሮቹ ትይዩ ሆነው ወደ ቱቦው ይገባሉ። ዋናው መስታወት ተቀብሎ ወደ አንድ ነጥብ ይሰበስባቸዋል። ይህ ነጥብ የትኩረት ነጥብ ይባላል። ከመስታወቱ መሃል እስከዚህ ነጥብ ያለው ርዝመት ደግሞ የትኩረት ርቀት ነው። እንደ ጨረቃ ያለ ሰፋ ያለ አካል ስንመለከት ምስሉ በነጥቡ ዙሪያ ተዘርግቶ ያርፋል፤ ያን ስፍራ የትኩረት ገጽ እንለዋለን። ከመስታወቱ ተነሥቶ እየጠበበ የሚሄደው ብርሃን እንደ ጎጆ ክዳን ነው፤ መስታወቱ ሰፊው ግርጌ፣ የትኩረት ነጥቡ ጉልላቱ። ይህን የብርሃን ሾጣጣ እንበለው።

ለምሳሌነት በትምህርቱ ሁሉ አንድ መሣሪያ ይዘን እንዘልቃለን፤ የመስታወቱ ዲያሜትር 200 ሚሊሜትር፣ የትኩረት ርቀቱ 1200 ሚሊሜትር። 1200 ለ200 ሲካፈል 6 ይሆናል። ይህ ቁጥር የሚነግረን ሾጣጣው በየ6 ሚሊሜትሩ ጉዞ 1 ሚሊሜትር እንደሚጠብ ነው።

የትኩረት ነጥቡ እንዲሁ ቢተው በቱቦው አፍ ትይዩ፣ መሃል ላይ ይወድቃል። እዚያ ጭንቅላታችንን ብናስገባ የሚመጣውን ብርሃን እንጋርዳለን። ስለዚህ ኒውተን ሾጣጣው ከማለቁ በፊት ትንሽ ጠፍጣፋ መስታወት 45 ዲግሪ አጋድሞ አስቀመጠና ብርሃኑን ወደ ጎን መለሰው። ይህን ሰያፉ መስታወት እንለዋለን። እዚህ ላይ ቆም ብለን አንድ ነገር እናስተውል። ሰያፉ መስታወት ጠፍጣፋ ስለሆነ ብርሃኑን አቅጣጫ ያስቀይረዋል እንጂ አያስረዝመውም፣ አያሳጥረውም። የ1200 ሚሊሜትሩ ጉዞ ያው 1200 ነው፤ ለሁለት ተከፈለ እንጂ። አንዱ ክፍል ከዋናው መስታወት እስከ ሰያፉ ያለው ነው፤ የቱቦ ርቀት እንበለው። ሌላው ከሰያፉ መሃል እስከ ትኩረት ገጹ ወደ ጎን የሚሄደው ነው፤ የጎን ርቀት እንበለው። አንዱ በጨመረ ቁጥር ሌላው በዚያው ልክ ይቀንሳል። የቀረው ትምህርት ሁሉ የሚቆመው በዚህ ላይ ነው።

አሁን ወደ ፎከሰሩ እንምጣ። ፎከሰር ማለት በቱቦው ጎን ላይ ተገጥሞ የዓይን ሌንሱን የሚይዝና ወደ ውስጥና ወደ ውጭ የሚያንቀሳቅስ ዕቃ ነው። በውስጡ ተንሸራታች ቱቦ አለው። ተንሸራታቹ ሙሉ በሙሉ ወደ ውስጥ ሲገባ አፉ ከዋናው ቱቦ ውጫዊ ገጽ የተወሰነ ከፍታ ላይ ይቆማል፤ ከዚያ በታች መውረድ አይችልም። ይህን የፎከሰሩ ዝቅተኛ ቁመት እንበለው። ባክ ፎከስ የምንለው ደግሞ ከዚህ ዝቅተኛ አፍ እስከ ትኩረት ገጹ ወደ ውጭ የሚቀረውን ርቀት ነው። ሁለቱ እንዳይምታቱብን እንጠንቀቅ። ዝቅተኛው ቁመት የፎከሰሩ ጠባይ ነው፤ ስንገዛው አብሮት ይመጣል። ባክ ፎከስ ግን የንድፉ ውጤት ነው፤ የምንወስነው እኛ ነን።

ባክ ፎከስ ሲበዛና ሲያንስ የሚደርሰው ጉዳት እኩል አይደለም። የትኩረት ገጹ ከተንሸራታቹ አፍ ርቆ ወደ ውጭ ካረፈ ተንሸራታቹን እናወጣለን፤ ያ ባይበቃ ማራዘሚያ ቱቦ ጨምረን እንደርስበታለን። ወደ ውስጥ፣ ከአፉ በታች ካረፈ ግን የዓይን ሌንሱን ወደዚያ ማውረጃ መንገድ የለም፤ ብረቱ ራሱ ይከለክለዋል። የፎከሰሩን መንኮራኩር እስከ መጨረሻው ያዞረ ሰው ምስሉ እየጠራ፣ እየጠራ መጥቶ ልክ ሊስተካከል ሲል ሲቆምበት የሚያየው ይህንኑ ነው። ስለዚህ የሚበዛ ባክ ፎከስ ዋጋ ያስከፍላል፤ የሚያንስ ግን ሥራውን ያቆማል። ዋጋው ምን እንደሆነ ወደ በኋላ እናያለን።

ታዲያ ምን ያህል ይበቃል? መልሱ በፎከሰሩ ላይ ምን ልናስቀምጥ እንዳሰብን ይወሰናል። አብዛኞቹ የዓይን ሌንሶች የራሳቸው የትኩረት ገጽ ከትከሻቸው አጠገብ ነው፤ ትከሻ የምለው ወደ ፎከሰሩ ከሚገባው ቀጭን ክፍል በላይ ሰፍቶ አፉ ላይ የሚያርፈውን ጠርዝ ነው። ሆኖም ከሌንስ ሌንስ በጥቂት ሚሊሜትሮች ይለያያል፤ አንዳንዱ ገባ ማለትን ይፈልጋል፣ ሌላው ወጣ ማለትን። የተመልካቹ ዓይንም ድርሻ አለው። የሩቁ የማይታየው ሰው መነጽሩን አውልቆ ሲያይ የዓይን ሌንሱን ወደ ውስጥ መግፋት ይኖርበታል። 4 ዳዮፕተር መነጽር የሚያደርግ ሰው በ25 ሚሊሜትር የዓይን ሌንስ ሲያይ ወደ ውስጥ የሚገፋው 2.5 ሚሊሜትር ያህል ነው። እነዚህን ሁሉ አቻችሎ ለመያዝ በዓይን ብቻ ለሚታይበት መሣሪያ 15 ሚሊሜትር ባክ ፎከስ ደኅና መነሻ ነው።

ካሜራ ሲመጣ ግን ነገሩ ሌላ ነው። በካሜራ ውስጥ ምስሉ ማረፍ ያለበት ሴንሰሩ ላይ ነው፤ ሴንሰሩ ደግሞ ከካሜራው የሌንስ መግጠሚያ ወደ ውስጥ ራቅ ብሎ ተቀምጧል። በውስጡ የሚገለበጥ መስታወት ባለው የካኖን ኢኤፍ ካሜራ ይህ ጥልቀት 44 ሚሊሜትር ነው፤ በኒኮን ኤፍ 46.5። ለቴሌስኮፕ የሚሠራው ቲ አዳፕተር የተባለው ቀለበት የጎደለውን ሞልቶ ሁሉንም 55 ሚሊሜትር ያደርሳቸዋል። እንግዲህ 15 ሚሊሜትር ባክ ፎከስ ባለው ቴሌስኮፕ ላይ እንዲህ ያለ ካሜራ ቢገጠም ምስሉ ሴንሰሩ ጋ ሳይደርስ 40 ሚሊሜትር ቀድሞ ያርፋል። ባርሎ የሚባለው ሌንስ በመካከል ቢገባ የትኩረት ገጹን ወደ ውጭ ስለሚገፋው ካሜራው ሊደርስበት ይችላል፤ ነገር ግን ምስሉን ያጎላዋል፣ የሚታየውንም የሰማይ ስፋት ያጠበዋል። ስለዚህ ባርሎን የችግር ጊዜ መውጫ እንጂ የንድፍ መሠረት አድርገን አንያዘው።

እስካሁን ያየነውን እንሰብስብ። የትኩረት ርቀቱ በመስታወቱ የተወሰነ ነው። ሰያፉ ለሁለት ይከፍለዋል። የጎን ርቀቱ ሦስት ነገሮች ተደምረው የሚሰጡት ነው፤ የቱቦው ውጫዊ ዲያሜትር ግማሽ፣ የፎከሰሩ ዝቅተኛ ቁመት፣ ባክ ፎከስ። አሁን ቁጥሮቹን እናስገባ።

ቱቦው ውጫዊ ዲያሜትሩ 250፣ ውስጡ 240 ሚሊሜትር ይሁን። ለውኃ መስመር የሚሠራው ፒቪሲ በዚህ መጠን ይገኛል፤ ይከብዳል እንጂ ይሠራል። ቴሌስኮፕ ሠሪው ጆን ዶብሰን በሳን ፍራንሲስኮ የኮንክሪት ዓምድ የሚፈስበትን የካርቶን ቱቦ ይጠቀም ነበር፤ ቀላልና ርካሽ ስለሆነ እኔም የማስቀድመው እሱን ነው። ግማሹ ዲያሜትር 125። ፎከሰሩ ዝቅ ያለ ዓይነት ሆኖ ዝቅተኛ ቁመቱ 45 ይሁን። ባክ ፎከስ 15። ድምሩ 185 ሚሊሜትር፤ የጎን ርቀታችን ይህ ነው። ከ1200 ላይ 185 ሲቀነስ 1015 ይቀራል፤ የቱቦ ርቀታችን። የፎከሰሩ ቀዳዳ መሃል ከዋናው መስታወት መሃል 1015 ሚሊሜትር ርቆ ይሆናል ማለት ነው። መስታወቱ በማቀፊያው ላይ ተቀምጦ ገጹ ከቱቦው የኋላ ጫፍ 80 ሚሊሜትር ወደ ውስጥ ቢገባ፣ ቀዳዳው ከኋላ ጫፍ 1095 ላይ ይውላል።

አንድ ትንሽ ጥንቃቄ እዚህ ላይ ይጨመር። ዋናው መስታወት ስርጉድ ስለሆነ መሃሉ ከጠርዙ ዝቅ ይላል፤ በእኛ ምሳሌ በ2 ሚሊሜትር። የትኩረት ርቀት የሚለካው ከመሃሉ ነው። ሜትሩን ጠርዙ ላይ አስደግፎ የሚለካ ሰው ይህን 2 ሚሊሜትር ያስብ።

ቀጥሎ የሚመጣው የሰያፉ መስታወት መጠን ነው፤ ቀደም ብዬ ያቆየሁት ዋጋም ያለው እዚህ ነው። ሰያፉ ሾጣጣውን የሚቆርጥበት ቦታ ከትኩረት ገጹ በራቀ ቁጥር ሾጣጣው እዚያ ላይ ሰፊ ነው፤ ሰያፉም መስፋት አለበት። ሰያፉ ግን በሚመጣው ብርሃን መንገድ ላይ የቆመ ጋራጅ ነው። በሰፋ መጠን ብርሃን ይቀንሳል፤ ከዚያም ይልቅ በፕላኔቶች ገጽ ላይ ያሉትን ደብዛዛ ልዩነቶች ያፈዝዛል።

መጠኑን ለማስላት አንድ ተጨማሪ ነገር መወሰን ያስፈልጋል። በትኩረት ገጹ ላይ ከመስታወቱ ብርሃን ሁሉ ሳይቀነስ የሚደርሰው ምን ያህል ስፋት ላለው ክፍል ይሁን? ይህን ሙሉ ብርሃን የሚያገኝ ክብ እንበለው። የትኩረት ርቀቱ 1200 በሆነ ቴሌስኮፕ የጨረቃ ምስል ስፋት ወደ 11 ሚሊሜትር ነው። ስለዚህ ክቡን 12 ሚሊሜትር ብናደርገው ጨረቃ ሙሉዋን ትገባበታለች። ስሌቱ እንዲህ ነው፤ ከመስታወቱ ዲያሜትር ላይ የክቡን ስፋት ቀንሱ፣ በጎን ርቀቱ አባዙ፣ ለትኩረት ርቀቱ አካፍሉ፣ ከዚያ የክቡን ስፋት መልሳችሁ ደምሩ። 200 ሲቀነስ 12፣ 188። በ185 ተባዝቶ ለ1200 ሲካፈል 29 ያህል። 12 ሲደመርበት 41 ሚሊሜትር። ይህ የሞላላው ሰያፍ አጭሩ ስፋት ነው። በገበያ ልክ 41 ካልተገኘ ከፍ ያለውን ቀጣይ መጠን ያዙ። 41 ሚሊሜትር ከዋናው መስታወት ዲያሜትር 20.5 በመቶ ነው፤ በቆዳ ስፋት ሲሰላ የሚጋርደው ብርሃን 4 በመቶ ያህል ብቻ ነው።

ያንኑ ቴሌስኮፕ ለካሜራ ብናቅደውስ? ባክ ፎከስ 55 ሆኖ 10 ሚሊሜትር ለማስተካከያ ሲጨመርበት 65 ይሆናል። የጎን ርቀቱ 235 ይደርሳል፤ የቱቦ ርቀቱ ወደ 965 ያጥራል። ሰያፉ ለዚያው 12 ሚሊሜትር ክብ 49 ሊሆን ነው። የካሜራው ሴንሰር ሰፊ ስለሆነ ክቡን 20 ብናደርገው ደግሞ ሰያፉ 55 ሚሊሜትር ይሆናል፤ ይህም ከዋናው መስታወት 28 በመቶ ያህል ነው። ለኔቡላ ፎቶ ይህ የሚከፈል ዋጋ ነው። ለጁፒተር መቀነቶች ግን ያለ ምክንያት የተከፈለ ይሆናል። ስለዚህ ከሁሉ በፊት መሣሪያው ለምን እንደሚሠራ ራሳችሁን ጠይቃችሁ አንዱን ምረጡ። ሁለቱንም የሚፈልግ ሰው ለካሜራ ያቅደውና ለዓይን ሌንሱ ማራዘሚያ ቱቦ ይጠቀም፤ ለዓይን የታቀደውን ግን በማራዘሚያ ለካሜራ ማድረግ አይቻልም።

ለዓይን ታስቦ በ41 ሚሊሜትር ሰያፍ የተሠራውን ቴሌስኮፕ በኋላ ዋናውን መስታወት ወደ ላይ ገፍቶ ለካሜራ ማድረግ ይቻላልን? ይቻላል። መስታወቱ በ50 ሚሊሜትር ወደ ሰያፉ ሲቀርብ የትኩረት ገጹም በ50 ሚሊሜትር ወደ ውጭ ይወጣል። ነገር ግን ሙሉ ብርሃን የሚያገኘው ክብ ከ12 ወደ 2 ሚሊሜትር ገደማ ይወርዳል፤ የፎቶው ጠርዝ ይጨልማል። የጎን ርቀቱ ከ246 ካለፈ ደግሞ መሃሉ ራሱ ከመስታወቱ ጠርዝ የሚመጣውን ብርሃን ማጣት ይጀምራል፤ 200 ሚሊሜትር መስታወት ገዝተን በትንሹ እንሠራለን ማለት ነው። ምስሉ መጥራቱ ብቻውን ንድፉ ትክክል ለመሆኑ ማረጋገጫ አይሆንም።

ከርዝመቱ ቀጥሎ የቀዳዳውን ዙሪያ ጉዳይ እናንሣ። ተንሸራታቹ ሙሉ ሲገባ ታችኛው ጫፉ ወደ ቱቦው ውስጥ ይወጣል። የቱቦው ውስጣዊ ግማሽ ዲያሜትር 120፣ የሚመጣው ብርሃን ግማሽ ደግሞ 100 ስለሆነ 20 ሚሊሜትር ቦታ አለ። ከዚያ በላይ ከወጣ በብርሃኑ መንገድ ላይ ይቆማል፤ በደማቅ ኮከብ ዙሪያም የተቆረጠ ጠርዝ ሆኖ ይታያል። ከቀዳዳው ወደ ፊት ደግሞ ቱቦው ቢያንስ 200 ሚሊሜትር ይቀጥል፤ የጎረቤት መብራት በቀጥታ ወደ ፎከሰሩ እንዳይገባ ይከለክላል። ሰያፉን የሚሸከሙት ቀጫጭን ክንዶች ከፎከሰሩ ብሎኖች ጋር እንዳይጋጩም ከመብሳት በፊት በወረቀት ላይ ሣሉት። ሰያፉ ራሱ ልክ መሃል ላይ አይቀመጥም። ሾጣጣው በሰያፉ የላይኛው ጫፍ ጠባብ፣ በታችኛው ሰፊ ስለሆነ መስታወቱ ከፎከሰሩ ወደ ተቃራኒው 1.7፣ ወደ ዋናው መስታወትም 1.7 ሚሊሜትር ይሸሻል። ይህ ቁጥር የሰያፉ ስፋት ቀደም ብለን ላገኘነው 6 አራት እጥፍ፣ ማለትም ለ24፣ ተካፍሎ የሚገኝ ነው።

ፎከሰሩ በቱቦው ዙሪያ ወደ የት ይዙር የሚለው የአንገትና የወገብ ጥያቄ ነው። ዶብሰን በለመደው፣ ወደ ላይና ወደ ታች እንዲሁም ወደ ግራና ቀኝ ብቻ በሚዞር የእንጨት መቆሚያ ላይ ፎከሰሩ በጎን ወይም ከጎን ትንሽ ወደ ላይ ቀና ብሎ ቢሆን ይመቻል። በኢትዮጵያ ለሚመለከት ሰው አንድ ተጨማሪ ሐሳብ አለ። አዲስ አበባ በ9 ዲግሪ ሰሜን ላይ ስለሆነች ፕላኔቶች ከፍ ሲሉ ወደ አናት ይቀርባሉ፤ ቱቦው ብዙውን ጊዜ ቀጥ ብሎ ይቆማል። እንደ ምሳሌያችን ቀዳዳው 1095 ላይ ሲሆን የመቆሚያው ከፍታ ተጨምሮበት የዓይን ሌንሱ ቆሞ ለሚያይ ጎልማሳ ደረት አካባቢ ይውላል፤ ዱካ ላይ ለተቀመጠ ሰው ደግሞ የዓይኑ ልክ ነው። ከመወሰናችሁ በፊት የምትቀመጡበትን ወንበር አምጥታችሁ ለኩ።

አሁን የቀረው ሁሉንም የሚሸከመው ቁጥር ነው፤ 1200 በእርግጥ 1200 ነውን? በእጅ የተሞረደ መስታወት ከታሰበው በ10 ወይም በ20 ሚሊሜትር መለየቱ የተለመደ ነው፤ የእኛ ባክ ፎከስ ደግሞ በጠቅላላው 15 ነው። ስለዚህ እንለካ። በጨለማ ክፍል ውስጥ መስታወቱን አቁሙ፤ ከፊቱ 2400 ሚሊሜትር ገደማ ላይ ትንሽ የኤልኢዲ መብራት፣ ከመብራቱ ጎን በእኩል ርቀት ነጭ ካርድ ያዙ። ሁለቱን አብራችሁ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ስታንቀሳቅሱ የመብራቱ ምስል ካርዱ ላይ ጥርት ብሎ፣ በመብራቱ ልክ የሚታይበት ቦታ ይመጣል። ያ ርቀት የትኩረት ርቀቱ እጥፍ ነው። እጥፉን ስለምንለካ 10 ሚሊሜትር ብንሳሳት እንኳ በትኩረት ርቀቱ ላይ የሚደርሰው 5 ብቻ ነው። ፀሐይን ግን ለዚህ ሥራ አትጠቀሙ። 200 ሚሊሜትር መስታወት የሰበሰበው የፀሐይ ብርሃን ወረቀት ያቃጥላል፤ ዓይንን በቅጽበት ያጠፋል።

ከመጨረሻው ብሎን በፊት የሚደረግ ሙከራ አለ። ቱቦውን ከኋላ በኩል ረዘም አድርጋችሁ ቁረጡ። የፎከሰሩን ቀዳዳ ከፊት በስሌቱ ብሱ፤ የዋናውን መስታወት ማቀፊያ ግን በብሎን ሳታስሩ በቱቦው ውስጥ እንዲንሸራተት ተዉት። ከዚያ ወደ ሩቅ ነገር አነጣጥሩ። እዚህ ላይ ርቀት የሚባለው ነገር በትክክል መረዳትን ይፈልጋል። በ100 ሜትር ላይ ባለ የቤት ጣሪያ ብታነጣጥሩ ምስሉ ጥርት ብሎ ይታያችኋል፤ ነገር ግን የቅርብ ነገር ምስል ከኮከብ ምስል ወደ ውጭ ርቆ ያርፋል፤ በእኛ ቴሌስኮፕ ልዩነቱ 15 ሚሊሜትር ነው። ያንን አይታችሁ ማቀፊያውን ብታስሩት፣ ማታ ኮከቡ የሚፈልገውን 15 ሚሊሜትር በቀን ጨርሳችሁታል። 1 ኪሎ ሜትር ላይ ልዩነቱ ወደ 1.5 ሚሊሜትር ይወርዳል፤ ከአዲስ አበባ መሃል ሆኖ ወደ እንጦጦ ሸንተረር ለሚያነጣጥር ሰው ደግሞ ግማሽ ሚሊሜትርም አይሞላም። ከሁሉ የሚሻለው ግን ኮከቡ ራሱ ነው። ተንሸራታቹን ከዝቅተኛው ቦታ በ15 ሚሊሜትር አውጥታችሁ፣ በብዛት የምትጠቀሙበትን የዓይን ሌንስ አስገቡ። ረዳታችሁ ማቀፊያውን ከኋላ በቀስታ ይግፋ፤ ኮከቡ ነጥብ ሲሆን አስቁሙት። የማቀፊያውን ቦታ በእርሳስ ምልክት አድርጉበት፤ የመስታወቱን ዝንባሌ የሚያስተካክሉት የማቀፊያው ብሎኖች በመካከለኛ ቦታቸው ላይ መሆናቸውን አረጋግጡ፤ ከዚያ የማቀፊያውን ቀዳዳዎች ብሱና ትርፉን ቱቦ በመጋዝ ቁረጡ።